ከሳራውትስ እስከ ዴባ፦ በሰሜናዊው የሳንቲያጎ መንገድ የአንድ ቀን የባሕር ዳርቻ ጉዞ

በስፔን ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ካቴድራል የሐዋርያው የቅዱስ ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ አፅም ያረፈበት ስፍራ እንደሆነ ስለሚታመን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የተሳላሚዎች መዳረሻ ሆኖ ቆይቷል። ወደዚህ ስፍራ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ ሰሜናዊው መንገድ ሲሆን፣ በፈረንሳይ ድንበር ከምትገኘው ከኢሩን ከተማ ተነሥቶ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። የሰሜን ስፔን መንገዶች እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የፈረንሳይ መንገድ ላይ ተጨማሪ ሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ተመዝግበዋል።

በባስክ ምድር በጊፑስኮዋ ግዛት ከሳራውትስ እስከ ዴባ ያለው ክፍል 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

የጉዞው ሂደት

ከሳራውትስ ረጅም የአሸዋ ዳርቻ እስከ ጌታሪያ ያለውን 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ተጓዡ ባሕሩን ተከትሎ በተሠራው የእግረኛ መንገድ ወይም በወይን እርሻዎች መካከል በሚያልፈው ኮረብታማ መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ቻኮሊ የተባለው የአካባቢው ነጭ ወይን የሚጠመቀው ከእነዚህ እርሻዎች ነው።

ጌታሪያ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ማጄላን በጉዞ ላይ ከሞተ በኋላ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ እየመራ እ.ኤ.አ. በ1522 ዓለምን የመዞሩን የመጀመሪያ ጉዞ የፈጸመው ሁዋን ሴባስቲያን ኤልካኖ የተወለደው በዚህች ከተማ ነው። ወለሉ አዘቅዝቆ የተሠራው የሳን ሳልቫዶር ቤተ ክርስቲያንም በከተማዋ ይገኛል፤ ከሥሩም ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ አለ።

መንገዱ ከጌታሪያ ወደ አስኪሱ መንደር ከወጣ በኋላ ወደ ሱማያ ይወርዳል።

የሱማያ ዐለቶች

በሱማያ የኢትሱሩን ዳርቻ የሚታዩት ገደሎች እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበሩ ዐለቶች ናቸው። ንብርብሮቹ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የተከማቹ ሲሆኑ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ዳይኖሰሮች የጠፉበት የዘመን ወሰን በመካከላቸው ይገኛል። አካባቢው በዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ጂኦፓርክነት ይታወቃል።

በሱማያ የሚደረግ ምርጫ

ከሱማያ በኋላ ተጓዡ ሁለት አማራጮች ይኖሩታል። በቢጫ ቀስት የተመለከተው የተሳላሚዎች መንገድ ከባሕሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በኢትሲያር መንደርና በጥንታዊው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በኩል ያልፋል። ሁለተኛው በገደሉ አፋፍ የሚሄድ ሲሆን፣ በእይታው እጅግ ማራኪ ቢሆንም ተደጋጋሚ ዳገትና ቁልቁለት ስላለው አድካሚ ነው። ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ጭቃው ስለሚያንሸራትትና ነፋሱም ስለሚያይል በዚህኛው መንገድ መጓዝ አይመከርም። በጥንታዊው መንገድ የሚሄድ ተሳላሚ ከጉዞው ትርጉም የሚጎድልበት ነገር የለም፤ መንገዱ ለዘመናት ጸንቶ የኖረው ተጓዡን በሰላም ከማደሪያው ስላደረሰ ነው።

ለተጓዦች የሚሰጥ ማሳሰቢያ

• ከገደሉ ሥር ባለው የዐለት ወለል ላይ ለመራመድ የሚሻ ሰው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት፤ ውሃው በሚሞላበት ጊዜ መመለሻ ሊዘጋ ይችላል።

• ድንጋይ ማንሳትም ሆነ ዐለቱን መፈርፈር ቅርሱን ስለሚጎዳ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

• የተሳላሚ ደብተር በየማደሪያው ማኅተም ይመታበታል። በእግር የሚጓዝ ተሳላሚ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ወደ ሳንቲያጎ በሚያደርሰው መንገድ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልገዋል።

• ድካም የተሰማው ተጓዥ ከሱማያ እስከ ዴባ በአካባቢው ባቡር መሄድ ይችላል።

• ከዴባ በኋላ መንገዱ ከባሕሩ ተለይቶ ወደ ተራራማው የውስጥ ክፍል ስለሚገባና አገልግሎት መስጫዎች ስለሚቀንሱ፣ ተጓዡ ለቀጣዩ ቀን የሚሆነውን ስንቅና ውሃ ከከተማዋ ሳይወጣ ማዘጋጀት ይኖርበታል።