መዳብን የሚያደክመው ውሃ

ሜታኖል ለረጅም ዘመን ይገኝ የነበረው እንጨት በማክሰልና የሚወጣውን ጢስ አቀዝቅዞ በማጣራት ነበር። ያንን ዘመን የዘጋው በ1923 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጀርመን ሎይና ሥራ የጀመረው የቢኤኤስኤፍ ፋብሪካ ነው። በማቲያስ ፒር የሚመራው ቡድን ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅንን ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ፣ የከባቢ አየርን ከ200 ጊዜ በላይ በሚያጥፍ ግፊት ጨምቆ ሜታኖል አደረጋቸው። ለውጡን የሚያፋጥነው ካታሊስት የዚንክና የክሮሚየም ኦክሳይድ ድብልቅ ነበር።

ይህን ያህል ሙቀትና ግፊት ያስፈለገው መዳብ ስላልታወቀ አይደለም። መዳብ በዝቅተኛ ሙቀት የተሻለ እንደሚሠራ ኬሚስቶች ያኔም ያውቁ ነበር። ያስቸገራቸው ድኝ ነው። ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ ድኝ አያጣም፤ ድኝ ደግሞ መዳብ ላይ አንዴ ከተጣበቀ በቀላሉ አይለቅም፣ የያዘውን ቦታ ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ ኢንዱስትሪው ለአርባ ዓመት ያህል ፈጣኑን ትቶ ቻዩን ይዞ ኖረ።

በ1966 የእንግሊዙ ኩባንያ አይሲአይ በቢሊንግሃም መዳብን መለሰው። ከዚንክ ኦክሳይድና ከአሉሚና ጋር አዋሃደው፤ ሙቀቱ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ፣ ግፊቱም ከ50 እስከ 100 ባር ወረደ። በእኔ ግምት የዚህ ድል እኩሌታ የካታሊስቱ ሳይሆን የጋዙ ነው። ከናፍታና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራውን ጋዝ ከድኝ ማጽዳት ባይቻል ኖሮ መዳቡ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ አይኖረውም ነበር።

የመማሪያ መጻሕፍት ካታሊስት በኬሚካላዊ ለውጡ አያልቅም ይላሉ። አያልቅም፣ ግን ይደክማል። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ብረት ገጽ ላይ ያሉ አተሞች መንቀሳቀስ የሚጀምሩት ገና ብረቱ ሳይቀልጥ፣ ሙቀቱ በኬልቪን ሲለካ የመቅለጫውን አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲደርስ ነው። ለመዳብ ይህ ከ180 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ፋብሪካው ደግሞ ከዚያ በላይ ይሠራል። በወጥ ላይ የተንሳፈፉ ትንንሽ የዘይት ጠብታዎች እየተሳሳቡ አንድ ትልቅ ጠብታ እንደሚሆኑ ሁሉ፣ የመዳብ ቅንጣቶችም እየተገናኙ ያድጋሉ። ቅንጣት ባደገ ቁጥር ጋዝ የሚነካው ገጽ ያንሳል፤ ሥራው የሚሠራው ደግሞ ገጹ ላይ ነው። ዚንክ ኦክሳይዱና አሉሚናው ቅንጣቶቹን ለይተው ለማቆየት ይታገላሉ። ምርት ሲቀንስ መሐንዲሶች ሙቀቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ይህም ድካሙን ያፋጥነዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካታሊስቱ ይቀየራል።

በዚህ መሐል ነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነገር የመጣው። በጋዙ ውስጥ ከሞኖክሳይዱ ጋር ዳይኦክሳይድም ቢኖር፣ ለአሥርተ ዓመታት የሜታኖል ካርቦን ምንጭ ሞኖክሳይዱ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1970ዎቹ የሶቪየቱ ኬሚስት ሮዞቭስኪ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ የአይሲአይ ተመራማሪዎች ምልክት በተደረገበት ካርቦን እየተከታተሉ፣ በመዳብ ላይ ካርቦኑ በብዛት የሚመጣው ከዳይኦክሳይዱ መሆኑን አሳዩ። ታዲያ ሞኖክሳይዱን ትቶ ዳይኦክሳይዱን ብቻ ማብላት ምን ይከለክላል?

ውሃ ይከለክላል። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራ እያንዳንዱ የሜታኖል ሞለኪውል አንድ የውሃ ሞለኪውል አብሮት ይወለዳል፤ በክብደት ሲታሰብ 32 ኪሎ ሜታኖል 18 ኪሎ ውሃ ይዞ ይመጣል። በተለመደው ጋዝ ውስጥ ሞኖክሳይዱ ይህን ውሃ እየበላ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ዳይኦክሳይድ ይመልሰዋል። ሞኖክሳይዱ ሲቀር ውሃው ይከማቻል። ያኔ የመዳቡን ገጽ ይሻማል፤ የመዳቡና የዚንክ ኦክሳይዱ ቅንጣቶችም ቶሎ እንዲያድጉ ያደርጋል። በ2001 የወጣ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ አሳይቶ፣ ጥቂት ሲሊካ መጨመር ድካሙን በእጅጉ እንደሚያዘገየው አክሏል። ድኝን ከበር መመለስ ተችሎ ነበር፤ ውሃው ግን እዚያው ቤት ውስጥ የሚወለድ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በመዳብ ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። በበርሊን የፍሪትዝ ሃበር ተቋም ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ሥራ አንድ የኢንዱስትሪ ዓይነት ካታሊስት ለ148 ቀናት ተከታትለው፣ የመዳቡ ቅንጣቶች ብዙም ሳይለወጡ ዚንክ ኦክሳይዱ ግን ክፉኛ መለዋወጡን አገኙ። አዳካሚው እርሱ ሆነ፤ ጠባቂ የተባለው!

ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሜታኖል የሚሠሩ ፋብሪካዎች ግን መልሱ እስኪሟላ አልጠበቁም። በአይስላንድ ስቫርትሴንጊ በኬሚስቱ በጆርጅ ኦላህ ስም የተሰየመው ፋብሪካ በ2012 ሥራ ጀመረ፤ የተጠቀመው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚለቀውን ጋዝ ነበር፣ ከከርሰ ምድር የሚወጣ በመሆኑም የድሮው ጠላት ድኝ ነበረበት፤ መጽዳት ነበረበት። በ2022 በቻይና አንያንግ በዓመት 110 ሺህ ቶን የማምረት አቅም ያለው ተከተለ።

በ2017 ደግሞ የቻይናዋ ዳሊያን ተመራማሪዎች የዚንክና የዚርኮኒየም ኦክሳይድን አዋሕደው፣ ከ500 ሰዓት በላይ ያልደከመና ድኝንም የሚችል ካታሊስት አስተዋወቁ። ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ወደ ሎይናው የኦክሳይድ ቤተሰብ መመለስ ማለት ነው፤ እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። ይሁንና 500 ሰዓት ሦስት ሳምንት ነው፤ ፋብሪካ የሚፈልገው ዓመታትን ነው። ስለዚህ አዲስ ካታሊስት ተገኘ የሚል ዜና ስታነቡ ምን ያህል ፈጠነ የሚለውን አልፋችሁ ስንት ሰዓት ሠራ፣ በውስጡስ ምን ያህል ውሃ ነበር ብላችሁ ጠይቁ።