የአምስተኛው ሰንበት ትእዛዝ

በኤል ሳልቫዶር ምድር ቡና የጥቂቶች ሀብት፣ የብዙኃን ቀንበር ሆኖ ኖሯል። ለም የሆነው መሬት በጥቂት ባለጸጋ ቤተሰቦች እጅ ሲጠቃለል፣ ቡናውን የሚለቅመው ገበሬ ግን የራሴ የሚለው ስንዝር መሬት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን ግፍ በመቃወም የተነሣው ሕዝብ በሺሕ እየተቈጠረ አለቀ። ገዳዩም ሟቹም በአብዛኛው ካቶሊክ ነበር፤ ዐሥርቱን ትእዛዛት ሁለቱም በልጅነታቸው ተምረዋል። የነገሩ ክብደት ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ኦስካር አርኑልፎ ሮሜሮ የሳን ሳልቫዶርን ሊቀ ጳጳስነት የተረከቡት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1977 ነው። ማግሥቱ ካህናት የምእመናንን ግንባር ዐመድ የሚቀቡበት፣ የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም የሚገባበት ረቡዕ ነበር። በወጣትነታቸው አናጢነትን የለመዱት፣ ኋላም በሮም የተማሩት እኒህ ሰው ዝምተኛና ወግ አጥባቂ በመባል ይታወቁ ስለ ነበር፣ ሹመታቸው ባለጸጎቹን ደስ አሰኘ፤ ከድኻው ጋር የቆሙትን ካህናት ግን አሳዘነ።

የሁለቱም ወገን ግምት ሦስት ሳምንት አልቈየም። ማርች 12 ቀን የሮሜሮ ወዳጅ የነበሩትና ከገበሬዎች ጐን የቆሙት ኢየሱሳዊ ካህን ሩቲሊዮ ግራንዴ፣ ከአንድ ሽማግሌና ከአንድ ወጣት ጋር በመኪና ሲጓዙ ተገደሉ። ሊቀ ጳጳሱም ማርች 20 ቀን እሑድ የሀገረ ስብከቱ አጥቢያዎች ሁሉ ቅዳሴያቸውን ትተው፣ ሕዝቡ በካቴድራሉ በአንድ ቅዳሴ ብቻ እንዲገናኝ አዘዙ። በጾም ወራት፣ ያውም በሰንበት፣ የአጥቢያ ቅዳሴ ማስቀረት ቀላል ድፍረት አይደለም፤ የቫቲካን መልእክተኛም ተቃውመዋቸው ነበር።

ሁዳዴን ሥጋና ወተት በመከልከል ለሚያውቀው የሀገራችን አንባቢ የላቲን ሥርዓት ካቶሊኮች ጾም ቀላል ሊመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ1966 ወዲህ ሕጋቸው ጾምን በግድ የሚያዝዘው በመግቢያው ረቡዕና በስቅለት ዐርብ ብቻ ነው፤ በቀሩት ዐርቦች ከሥጋ መታቀብ ይበቃል። ሆኖም ንስሐና ምጽዋት ከጾሙ አይለዩም። ሮሜሮም ንስሐውን ከማእድ ቤት አውጥተው ወደ ጦር ሰፈር ወሰዱት። በየሰንበቱ ስብከታቸው በሳምንቱ የተገደሉትንና የተሰወሩትን ሰዎች በስም ይጠሩ ነበር፤ ሕዝቡም በቤተ ክርስቲያኒቱ ራዲዮ ያዳምጣቸው ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1980 በቦምብ ፈረሰ፤ ሆኖም ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1980 የጾሙ አምስተኛ ሰንበት ነበር። ሊቀ ጳጳሱ በረጅሙ ስብከታቸው መጨረሻ ንግግራቸውን ወደ ተራው ወታደርና ፖሊስ መለሱ፤ ለጄኔራሎቹ አልነበረም። የምትገድሉት ገበሬ ወንድማችሁ ነው አሉ፤ ከአዛዥ የግድያ ትእዛዝ ይልቅ የእግዚአብሔር «አትግደል» እንደሚበልጥ፣ ይህን ሕግ የሚጥስ ትእዛዝ ማንንም እንደማያስገድድ ነገሯቸው። ከልመና ጀምረው በትእዛዝ ጨረሱ። በካቶሊኮች አቈጣጠር አምስተኛ የሆነው ይህ ቃል ለማንም አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ወታደሩ በሰልፍ ላይ ሳለ እንዲፈጽመው መጠየቁ ነበር። የሕፃናት ትምህርት የነበረው ቃል ከአዛዦቹ ጋር የሚፎካከር ትእዛዝ ሆነ።

በማግሥቱ ሰኞ ማታ፣ በሚኖሩበት የካንሰር ሕሙማን ሆስፒታል ቅጽር ባለች ትንሽ ቤተ ጸሎት ሲቀድሱ፣ ስብከታቸውን እንደ ጨረሱ በአንድ ጥይት ተመተው ወደቁ። ማርች 30 ቀን፣ በሆሳዕና ዕለት፣ ለቀብራቸው በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ቦምብ ፈነዳ፤ ተኩስም ተከፈተ፤ በዐሥር የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ እስከ 1992 በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ወደ 75,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ።

የተባበሩት መንግሥታት የእውነት አጣሪ ኮሚሽን ግድያውን ያዘዘው የቀድሞው ሻለቃ ሮቤርቶ ዶቢሶን መሆኑን እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1993 አስታወቀ፤ ሻለቃው በዚያን ጊዜ ሞቷል። በአምስተኛው ቀን የሀገሪቱ ምክር ቤት ለጦርነቱ ወንጀለኞች ሁሉ ምሕረት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ያም ወር የጾም ወር ነበር። ሕጉ በፍርድ ቤት የተሻረው በ2016 ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሮም ሮሜሮን ቅዱስ ብላ ሰየመቻቸው።