የመርከብ ስም አወራረስ

የይፋት ቆላ ባሕርን የተዋወቀው በግመል ነው። ከአንኮበር ሥር ያለው የዓልዩ አምባ ገበያ ከታጁራ ወደብ የሚመጣውን ቅፍለት ይቀበል ነበር። በዚሁ መንገድ ወደ ሸዋ የወጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1843 (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) በንጉሡ በሉዊ ፊሊፕ ስም ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋውሏል። ስለዚህ በሸዋ ሮቢት ያደገ ሰው ስለ ፈረንሳይ የጦር መርከቦች ስም ቢጽፍ ከአገሩ ወሬ እጅግ ራቀ አይባልም።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው ሕፃኑን ካሣ ወይም ምትኩ ይለዋል። ፈረንሳዮች ግን በመርከብ ረገድ የሟቹን ስም ራሱን ይደግሙታል። «ርዱታብል» ማለት አስፈሪው ማለት ነው። በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ የእንግሊዙን አድሚራል ኔልሰንን የገደለው ጥይት የተተኰሰው ከዚህ መርከብ ምሰሶ ላይ ነበር፤ መርከቡም ተማርኮ ሰጠመ። ስሙ ግን አልሰጠመም፤ በ1876 በአረብ ብረት ለተሠራ መርከብ፥ በ1967 ደግሞ የኑክሌር ሚሳይል ለሚሸከመው ለመጀመሪያው የፈረንሳይ ሰርጓጅ መርከብ ተሰጠ። «ዣን ዳርክ» የተባለው የማሠልጠኛ መርከብ በ1964 ጡረታ እስኪወጣ ድረስም ተተኪው በሌላ ስም እየተጠራ ተራውን ጠብቋል።

ይህ ሲባል ልማዱ ከቶ አልተናጋም ማለት አይደለም። በ1791 «ዶፈን ሮያል» ማለት አልጋ ወራሹ ተብሎ የወረደው ታላቅ መርከብ በማግሥቱ ዓመት በአብዮቱ ምክንያት «ሳን ኪውሎት» ተባለ፤ በ1795 ደግሞ «ኦሪያን» ማለት ምሥራቅ ሆነ። በ1798 በግብፅ ጠረፍ በአቡኪር በሌሊት ፈንድቶ ሲጠፋ በሰባት ዓመት ዕድሜው ሦስት ስም ይዞ ነበር።

የእኛም ባሕር ኃይል ዋና መርከብ ነበረው። አሜሪካኖች «ኦርካ» ይሉት የነበረው ይህ መርከብ በ1962 ወደ እኛ ሲመጣ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ ርዝመቱ 95 ሜትር ያህል ሲሆን ዕጩ መኰንኖች ይሠለጥኑበት ነበር። በ1991 ወደ የመን ሸሸ፤ በ1993 ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠ። ብረቱ መሸጡ አይገርመኝም፤ የመርከብ ሁሉ ዕጣ ይኸው ነውና። የሚቈጨኝ ስሙ ወራሽ ሳያገኝ አብሮ መሸጡ ነው። በንግድ መርከቦቻችንም ቢሆን «ንግሥተ ሳባ» እና «የይሁዳ አንበሳ» የሚሉት ስሞች ለእነ «አንድነት» እና «ካራማራ» ቦታ ለቀቁ፤ ከዚያም እነ «ሸበሌ» እና «ጊቤ» መጡ። ስሞቹ ሁሉ ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ዘመን በተለወጠ ቍጥር ከአንድ መጀመር ልማዳችን ሆኗል።

በመጋቢት 2019 ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደ ገና ለማቋቋም እንዲረዳት ከዚያችው ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈረመች። መርከብ የሚገኝበት ቀን ሲመጣ ስም የሚያወጡት ሰዎች በመጀመሪያ የድሮውን «ኢትዮጵያ» ያስታውሱ ዘንድ እለምናለሁ። ለሁለተኛው መርከብ ደግሞ፥ የአገሬን የይፋትን ውሃ ሰብስቦ ሲወርድ ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ በአቤ ሐይቅ የሚቀረው አዋሽ ስሙን ቢያውሰው ደስ ይለኛል።