ከፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ኃይል ማከማቻ ካርቦን

በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ጀውሃ፣ እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ ሌሎቹ የይፋት ቆላ ከተሞች ሁሉ፣ መንገደኛ ጠጥቶ የሚጥለው ሃይላንድ ለኃይል ማከማቻ ጥሬ ዕቃ ሊሆን የሚችል ነው።

ጠርሙሱ የሚሠራበት ፔት የተባለው ፕላስቲክ ከክብደቱ 62.5 በመቶው ካርቦን ነው። አየር በማይገባው ምድጃ ሲሞቅ ጋዙ ወጥቶ ከሰል ይቀራል። ከሰሉ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም በእንፋሎት ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ዳግም ሲታከም በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያወጣል፤ የአንድ ግራም ውስጣዊ ገጽ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ሱፐርካፓሲተር የተባለው መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚያከማቸው በዚሁ ገጽ ላይ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል፤ የሚይዘው ኃይል ግን ከሊትየም ባትሪ ያነሰ ነው።

ፌስታል በካርቦን ከጠርሙስ ቢበልጥም፣ ሲሞቅ ከሞላ ጎደል ወደ ጋዝና ዘይት ስለሚለወጥ ከሰል አይተውም ማለት ይቻላል። የሳሳ ፌስታል ማምረትና ማስገባትን የገደበው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ክልከላውን አጥብቆታል።

ቴክኖሎጂው በአብዛኛው በምርምር ደረጃ ላይ ስለሚገኝ በጓሮ መሞከር አደገኛ ነው፤ በሜዳ ማቃጠልም መርዛማ ጭስ ያመጣል። ነዋሪዎች ጠርሙሱን ባዶ አድርገው፣ ከምግብ ትርፍ ለይተው ለቆራሌው እንዲያስረክቡ ይመከራል። የፒቪሲ ቧንቧ ስብርባሪ ሲሞቅ ጎጂ ጋዝ ስለሚለቅ ከጠርሙስ ጋር መቀላቀል የለበትም።