የወፍ ጽሑፍ ስንት ዓመት ይኖራል?

እ.ኤ.አ. በጥር 1859 ለንደን ውስጥ «ዘ አይቢስ» የተባለ መጽሔት መታተም ጀመረ። ስሙን ያገኘው በጥንታዊት ግብፅ እንደ ቅዱስ ትታይ ከነበረችው ባለ ረጅም ምንቃር ወፍ ነው። ያሳተመው በዋዜማው ዓመት የተቋቋመው የብሪታኒያ የአእዋፍ ጥናት ማኅበር ሲሆን፣ አዘጋጁ ፊሊፕ ስክሌተር በሙያው ጠበቃ፣ በልቡ ግን የወፍ ሰው ነበር። የዚያ ዘመን የወፍ ጽሑፍ ከዝርዝር ብዙም አያልፍም። አንድ መኮንን ወይም አንድ ቄስ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ምን ምን ወፍ አየ፣ የትኛውን ተኩሶ ጣለ፣ ቆዳው ከየትኛው ሙዚየም ገባ፤ ይኸው ነበር።

ያም ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ላይ ከዝርዝር የዘለለ ነገር ወጣ። ቄስ ሄንሪ ቤከር ትሪስትራም በአልጄሪያ ሰሐራ ያያቸው ላርክ የተባሉት ትንንሽ የመሬት ወፎች ላባቸው ከአሸዋው ቀለም ጋር ለምን እንደሚመሳሰል ሲያስረዳ፣ ዳርዊንና ዋላስ ከዓመት በፊት በጋራ ያቀረቡትን ሐሳብ ተጠቀመ። ጽሑፉ የታተመው በጥቅምት 1859 ነው። የዳርዊን ዝነኛ መጽሐፍ ገበያ ላይ የዋለው ደግሞ በኅዳር። የተፈጥሮ ምርጫን ሐሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ በአንድ ጀማሪ የወፍ መጽሔት ውስጥ ወጣ ማለት ነው። ትሪስትራም ራሱ ብዙም ሳይቆይ ከሐሳቡ ሸሸ፤ ጽሑፉ ግን የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም የሚመለሱበት ሆኖ ቀረ።

እንግሊዞቹ ቀዳሚ አልነበሩም። ጀርመናዊው ዣን ካባኒስ «ጆርናል ፊውር ኦርኒቶሎጊ»ን የመሠረተው ከእነርሱ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ በ1853 ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ወፍ አጥኚዎች የሚጽፉት ወፍራም መጽሐፍ ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር የዘለቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ይህን ዘመን ይወክላል። በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ የምትሰፍረውን ባለ ነጭ አንገት ርግብ፣ በደጋው ሰማይ የሚያንዣብበውን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች ረግረግ ላይ የምትግጠውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እርሱ ነው። የእነዚህ ወፎች ሳይንሳዊ ስም በተጻፈ ቁጥር «ሩፔል» የሚለው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ከኋላ ይከተላል። ይህ ግን እንደ ጥቅስ አይቆጠርም፤ አንድ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ የሚቆጥረው መዝገብ የሚያየው ከጽሑፍ መጨረሻ ያለውን የማጣቀሻ ዝርዝር ብቻ ነውና። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ስሙ ሳይቋረጥ ሲጠራ የኖረ ሰው በዛሬው መዝገብ ላይ ጥቂት ነጥብ ያገኛል። ለወፎች ስም የሚያወጡና የሚለዩ ሊቃውንት ለዓመታት ያነሱት ቅሬታ ይኸው ነው፤ ቅሬታውም ትክክል ነው።

በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የወፍ ሳይንስ ዋና ከተማ በርሊን ነበረች። ኤርቪን ሽትሬዘማን ከ1922 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የካባኒስን መጽሔት ሲያዘጋጅ፣ ወፍ ማጥናት ማለት ቆዳ መሰብሰብ ብቻ አለመሆኑን ለትውልዱ አስተማረ። የወፍን ጠባይ፣ የሰውነቷን አሠራር፣ አኗኗሯን የሚመረምር ጽሑፍ ቦታ አገኘ። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሞርስ ናይስ በኦሃዮ ከቤቷ አጠገብ ለዓመታት የተከታተለቻቸውን ድንቢጦች ሕይወት ጽፋ ስትጨርስ፣ ያን ያህል ረጅም ሥራ የሚሸከም መጽሔት በአገሯ አልነበረም። በ1933 እና በ1934 በሁለት ክፍል፣ በጀርመንኛ ያተመላት ሽትሬዘማን ነው። ኮንራድ ሎሬንትስ የተፈለፈሉ ጫጩቶች መጀመሪያ ያዩትን እንደ እናት ስለሚከተሉበት ጠባይ የጻፈው ሰፊ ጥናትም በዚያው መጽሔት በ1935 ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አጠር ብሎ በአሜሪካው «ዘ ኦክ» በእንግሊዝኛ ታተመ። ሎሬንትስ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

የኢትዮጵያ ወፍ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በመራራ ጊዜ ነው። ጣሊያን አገሩን በወረረችበት ወቅት የእንስሳት አጥኚው ኤዶዋርዶ ዛቫታሪ ወደ ቦረና የምርምር ጉዞ መርቶ ነበር። ያቤሎ አካባቢ የተገኘ፣ ዓይኑን ሰማያዊ ቆዳ የከበበው ግራጫ የቁራ ዘመድ ሚላን ሙዚየም ደረሰ። የሙዚየሙ ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ወፉን በ1938 አዲስ ዝርያ ብቻ ሳይሆን አዲስ ወገን ነው ብሎ አወጀ። ያወጀው ሽትሬዘማን በሚያዘጋጀው ሌላ የበርሊን ወርኃዊ መጽሔት ላይ ነው፤ ስሙንም «ዛቫታሪኦርኒስ ሽትሬዘማኒ» አለው፣ ለጉዞው መሪና ለአዘጋጁ መታሰቢያ። የቦረና ሰው ከከብቱ በረት አጠገብ በየቀኑ የሚያየው ወፍ ለሁለት አውሮፓውያን ስም ማስጠሪያ ሲሆን፣ ጽሑፉ ጥቂት ገጾች እንጂ መጽሐፍ እንኳ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አደላ። ከዘመኑ ዋና ጥያቄዎች የአንዱ መነሻ ግን አፍሪካ ውስጥ ነው። ሬጂናልድ ሞሮ በዛሬዋ ታንዛኒያ፣ በአማኒ የግብርና ምርምር ጣቢያ ከ1928 ጀምሮ ሲሠራ፣ በትርፍ ጊዜው የጎጆ መረጃ አከማቸ። የአካባቢው ሰዎች ጎጆ እየፈለጉና እየጠበቁ ረዱት። የሐሩር አገር ወፎች ከአውሮፓ ወፎች ያነሰ እንቁላል እንደሚጥሉ በ1944 በ«አይቢስ» በሰፊው አሳየ። ዴቪድ ላክ በ1947 በዚሁ መጽሔት ጥያቄውን አነሣና መልስ ሰጠ፤ ወፍ የምትጥለው እንቁላል ብዛት የሚወሰነው ወላጆቹ ሊመግቧቸው በሚችሏቸው ጫጩቶች ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ በእንቁላል ብዛት ላይ የተጻፈ ነገር ላክን ሳይደግፍ ወይም ሳይሞግት የሚያልፈው ጥቂት ነው። አማኒ ጫካ ውስጥ ጎጆ የጠበቁት ሰዎች ግን ከጸሐፊዎቹ ስም ጋር አልተጻፉም። በዚያ ዘመን ለአፍሪካዊ ባለሙያ የሚቀርበው ትልቁ ክብር ስሙን ለወፍ መስጠት ነበር። የኒያሳላንዱ (የዛሬዋ ማላዊ) ጃሊ ማካዋ ለኮንስታንቲን ቤንሰን ለዓመታት ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ፣ በዛምቢያ የተገኘች አንዲት ትንሽ ወፍ በ1965 በስሙ ተጠራች። ቤንሰን ራሱ በደቡብ ኢትዮጵያ ሜጋ አጠገብ የተገኘችውን ባለ ነጭ ጅራት ዋኖስ በ1942 የሰየመ ሰው ነው።

የጥቅስ ቆጠራ ግን የመጣው ከወፍ ሰዎች አይደለም። የፊላደልፊያው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የትኛው ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ትልቅ ማውጫ ይኑር፣ ተመራማሪውም አንድን ሐሳብ ወደፊት ማን እንደተቀበለው፣ ማን እንደሞገተው በእርሱ ይከተል። ማውጫው በ1964 ገበያ ላይ ሲወጣ 613 መጽሔቶችን ይሸፍን ነበር። ዓላማው ፍለጋን ማቅለል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ መጽሔቶችን የሚያወዳድር ዓመታዊ ዘገባ ታከለበትና «ኢምፓክት ፋክተር» የተባለው ቁጥር ታዋቂ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ አንድ መጽሔት ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተጠቀሱ? ያ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል።

ሁለት ዓመት። ለሕክምና ላቦራቶሪ ሊበቃ ይችላል። ወፍ እንቁላል የምትጥለው ግን በአብዛኛው በዓመት በአንድ ወቅት ነው። የእግር ቀለበት የታሰረላትን ወፍ ለመከተል፣ አንድ ዝናባማና አንድ ድርቅ ዘመን ለማወዳደር፣ ጽሑፉን ያነበበ ሰው የራሱን የመስክ ሥራ ጨርሶ መልስ እስኪጽፍ ሁለቱ ዓመት ያልፋል። ክሪስቶፈር ፔሪንስ ወፎች እንቁላል የሚጥሉበትን ወቅት ምን እንደሚወስነው በ1970 በ«አይቢስ» የጻፈው የአንድ ጽሑፍ ዕድሜ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ የአየር ንብረት መለወጥ የወፎችን ወቅት ሲያዛባ ሁሉም እንደገና ወደ እርሱ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ዘግይቶ የሚመጣ ክብደት በኢምፓክት ፋክተር ላይ ምልክት አይተውም። የወፍ መጽሔቶች ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ባለው መካከል የሚመላለሰው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዝቅተኛ ቁጥር ዝቅተኛ ሳይንስ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ሹመትና የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ብዙዎች እንደዚያ አንብበውታል፤ ጉዳቱም እውነተኛ ነው።

መጽሔቶቹ በበኩላቸው ከጊዜው ጋር ለመሄድ ብዙ ጥረዋል። የካባኒስ መጽሔት በ2004 የጀርመንኛ ስሙን ትቶ «ጆርናል ኦፍ ኦርኒቶሎጂ» ሆነ። የአሜሪካዎቹ «ዘ ኦክ» እና «ዘ ኮንዶር» ከመቶ ዓመት በላይ የተጠሩበትን የወፍ ስም በ2021 ጥለው «ኦርኒቶሎጂ» እና «ኦርኒቶሎጂካል አፕሊኬሽንስ» ተባሉ፤ አሳታሚያቸው ማኅበርም ይዘታቸው ከስማቸው እንዲታወቅና ዓለም አቀፍ ተደራሽነታቸው እንዲሰፋ ነው አለ። የይዘቱም ፊት ተለውጧል፤ ከዝርዝር ወደ ጠባይና ወደ ሥነ ምህዳር፣ ከዚያም ወደ ዘረመል፣ ወደ አየር ንብረትና ወደ ጥበቃ። ታላላቅ ግኝቶች ደግሞ የወፍ መጽሔቶችን አልፈው ይሄዳሉ። ሰሜን አሜሪካ ከ1970 ወዲህ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ እንዳጣች የገለጸው የ2019 ጥናት የታተመው በ«ሳይንስ» ነው። ቆጠራውንም የሚቃወም ድምፅ ተሰማ፤ በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተዘጋጀው መግለጫ የመጽሔትን ኢምፓክት ፋክተር ለሰው መመዘኛ አታድርጉ ብሎ ብዙ ተቋማትን አስፈርሟል፤ ልማዱ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ላለው አገር፣ ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የወፎች ዝርዝር በ1971 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ታትሞ ለአሥርተ ዓመታት የመስክ ሠራተኛው እጅ ላይ ኖረ። በ1966 የተቋቋመው የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም «ዋሊያ»ን አሳተመ። እንዲህ ያሉ የአገር ቤት ኅትመቶች አብዛኞቹ በጋርፊልድ መዝገብ ስላልነበሩ፣ በእነርሱ ላይ የወጣ እውቀት ለቆጣሪው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ወፉ እዚህ ነው፤ ነጥቡ ግን እዚያ ነው።

የደራሲያን ዝርዝር ግን ቀስ በቀስ ተለውጧል። በ1990 ነጭ ሣር ሜዳ መንገድ ላይ ተደፍጥጣ የተገኘች፣ በሌሊት የምትበር ወፍ ቀሪ አካሏ አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ በ1995 በ«አይቢስ» ስትታወቅ፣ ከአምስቱ ጸሐፊዎች የመጨረሻው ኢትዮጵያዊው ዘውዴ ነው። የያቤሎው ቁራ ለምን ከዚያች ጠባብ አካባቢ እንደማይወጣ በ2012 ሲብራራ ደግሞ መንግሥቱ ወንዳፍራሽ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። መልሱ የሙቀት መጠን ሆኖ ተገኘ፤ ወፉ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ባለች ክልል ውስጥ ነው የሚኖረው። የታተመውም ሽትሬዘማን ለአሥርተ ዓመታት ባዘጋጀው በካባኒስ መጽሔት ነው።

በዓመቱ ያው መጽሔት ሌላ ነገር ይዞ ወጣ። በነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ብቻ ትኖራለች የተባለች፣ በ1975 በፈረንሳይኛ «አላውዳ» መጽሔት ላይ የተሰየመች ላርክ ነበረች። ተመራማሪዎች ጅግጅጋ አካባቢ የእርሷን አምሳያ አገኙና ከሙዚየም ናሙናዎች ጋር አነጻጸሩ። በ1920 በሶማሌላንድ ተገልጻ፣ ከ1922 ወዲህ የጠፋችው የአርቸር ላርክ እርሷው ሆና ተገኘች። በስያሜ ሕግ የቀደመው ስም ስለሚጸና፣ የ1920ው አጭር መግለጫ ከ93 ዓመት በኋላ የወፏን ስም ወሰነ። እርሷም ዛሬ በመጥፋት ከፍተኛ አደጋ ላይ ካሉት የአፍሪካ ወፎች መካከል ናት፤ የሊበን ሜዳ በእርሻና በቁጥቋጦ እየተዋጠ ነው።