የተመረቀው ጣቢያና ያልተመረቀው

መጋቢት 8 ቀን 1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 1967) የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ሆልት ከካንቤራ ከተማ በስተደቡብ ወዳለው ተራራ ወጥተው የሃኒሰክል ክሪክን የጠፈር መከታተያ ጣቢያ መርቀው ከፈቱ። ሹማምንቱና የጥሪ እንግዶቹ የሚያዩት 26 ሜትር ስፋት ያለው ሳህን አንቴና ነበር። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ አገሩ እዚያ ነውና።

ጣቢያው ከከተማ የሸሸው ተራሮቹ የከተማውን የሬዲዮ ሁካታ እንዲከልሉለት ነው። ከጨረቃ የሚላክ ምልክት ምድር ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሚሆን ትንሽ ረብሻ እንኳ ይውጠዋል። አሜሪካ ለአፖሎ ጉዞ እንዲህ ያሉ ሦስት ዋና ጣቢያዎች ያስፈልጓት ነበር፤ አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎልድስቶን፣ ሁለተኛው ስፔን ውስጥ ማድሪድ አጠገብ፣ ሦስተኛው ይኸው። ምድር ስትዞር ጨረቃ ከአንዱ ዕይታ ብትሰወር ሌላው ይቀበላታል። ወጪውን የሸፈነችው አሜሪካ ስትሆን፣ ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ግን አውስትራሊያውያን መሐንዲሶችና ቴክኒሻኖች ነበሩ።

ጊዜው ለድግስ የሚመች አልነበረም። ከምርቃቱ ልክ ሰባት ሳምንት በፊት የአፖሎ 1 ጠፈርተኞች ገስ ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ መሬት ላይ ልምምድ ሲያደርጉ በተነሳ እሳት ሞተዋል። ሰው የሚሳፈርበት በረራ ቆሟል፤ መቼ እንደሚቀጥልም የሚያውቅ የለም። ሆልት መርቀው የከፈቱት እንግዲህ ሥራው ገና በጥያቄ ላይ ያለ ጣቢያ ነበር። ደግሞም ነገሩ የሳይንስ ብቻ አልነበረም። የአውስትራሊያ ወታደሮች ከአሜሪካኖቹ ጋር ቬትናም ውስጥ እየተዋጉ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም ከምርቃቱ አምስት ወር ቀደም ብለው አውስትራሊያን ጎብኝተዋል። በሥልጣን ላይ ሳለ ያችን አገር የረገጠ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እሳቸው ነበሩ። የክብር እንግዶቹ መድረክ ላይ ሲቀመጡ ወዳጅነቱም አብሯቸው ተቀምጧል ማለት ይቻላል።

ሆልት የመረቁት ጣቢያ የጨረቃ ተጓዦችን ሲከታተል አላዩም። ምርቃቱ በተፈጸመ በዘጠነኛው ወር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚያው በ17ኛው ቀን፣ ሜልቦርን አቅራቢያ በሚገኘው የቼቪዮት ባሕር ዳርቻ ሊዋኙ ገብተው ማዕበል ወሰዳቸው። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ለመታሰቢያ ጸሎቱ ጆንሰን ራሳቸው ከዋሽንግተን መጥተው ነበር።

ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. የጨረቃው ቀን ሲደርስ ጣቢያውን በጠዋት የጎበኙት አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ጎርተን ናቸው። በዕቅዱ መሠረት ኒል አርምስትሮንግና በዝ ኦልድሪን ካረፉ በኋላ ተኝተው መነሳት ነበረባቸው። እነሱ ግን ማን ይተኛል ብለው ቶሎ ለመውጣት ጠየቁ። ይህ የጣቢያዎቹን ስሌት አናወጠው፤ ምክንያቱም እዚያው አውስትራሊያ የሚገኘው 64 ሜትር ስፋት ያለው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ከተወሰነ ከፍታ በታች ማየት ስለማይችል ጨረቃ ከፍ እስክትል መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ሃኒሰክል ክሪክ ግን እስከ አድማስ ድረስ ያያል። የጎልድስቶን የቴሌቪዥን ምስል መጀመሪያ ተገልብጦ መጣ፤ ከተቃና በኋላም ጥቁርና ነጩ ከረረ። የሂዩስተን የበረራ መቆጣጠሪያ ሰዎች ወደ ሃኒሰክል ክሪክ ምስል ዞሩ፤ በአካባቢው አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ አርምስትሮንግ ጨረቃን ሲረግጥ ዓለም ያየው በዚሁ ጣቢያ በኩል ነው። ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ፓርክስ ተረከበ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዘ ዲሽ» የተሰኘው ፊልም ምስጋናውን ለፓርክስ ስላሸከመው፣ እነዚያን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ማን እንዳስተላለፈ ብዙ ሰው አያውቅም። ፊልም ሠሪዎች ትልቁን ሳህን ይወዳሉ መሰለኝ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በዚያው ዘመን ሌላ 26 ሜትር ስፋት ያለው አንቴና አሥመራ ነበር፤ አጠገቡ ደግሞ 46 ሜትር የሚደርስ ታላቅ ወንድም ቆሞለታል። ሁለቱም በቃኘው ሻለቃ ስም በተጠራው የአሜሪካ የጦር ሰፈር፣ በቃኘው ጣቢያ፣ «ስቶንሃውስ» በሚል የምሥጢር ስም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 የሠሩ ናቸው። ተግባራቸው የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩሮች ከጨረቃ፣ ከማርስና ከቬነስ የሚልኩትን መጥለፍ ነበር። አሥመራ የተመረጠችበት ምክንያት ረቂቅ ነው። ሶቪየቶች መንኮራኩሮቻቸውን መረጃ የሚያስልኩት ክራይሚያ ካለው ጣቢያቸው ፊት ሲደርሱ ነው፤ አሥመራ ደግሞ ከክራይሚያ ጋር በተቀራረበ የኬንትሮስ መስመር ላይ ትገኛለች። ክራይሚያ የምትሰማውን አሥመራም ትሰማለች። እንዲህ ላለ ጣቢያ የምርቃት ድግስ አይደገስም። ታሪኩን ያወቅነው የአሜሪካ የስለላ ተቋም ሰነዶቹን ይፋ ሲያደርግ ነው።

እኛ ምርቃት የምንወድ ሕዝብ ነን፤ በየሳምንቱ ሪባን ሲቆረጥ እያየን ምን ዋጋ አለው ማለትም ልማዳችን ነው። እኔ ግን ዋጋ አለው ባይ ነኝ። የሃኒሰክል ክሪክ አንቴና ወደ ጎረቤቱ የቲድቢንቢላ ጣቢያ ተዛውሮ እ.ኤ.አ. እስከ 2009 ሠርቷል፤ የቀድሞው ቦታ ዛሬ የኮንክሪት መሠረትና የድንኳን ሰፈር ብቻ ነው። ይሁንና ማን እንደመረቀው፣ ማን እንደሠራበት፣ የቱ ምስል በየት በኩል እንዳለፈ ተመዝግቧል፤ ከመጀመሪያው በይፋ የተከፈተ ቦታ ነበርና። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢትአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወነጨፍም ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች ንጋት ሳይቀድማቸው እንጦጦ ላይ ተሰብስበው ተከታትለዋል፤ የዚያም ዕለት ታሪክ አይጠፋም።

የአሥመራው ግን እየጠፋ ነው። በቃኘው ጣቢያ የሠራችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ የሠሩ፣ አዲስ አበባም ሁኑ አሥመራ ወይም ዋሽንግተን፣ በየአልበሙ ያለውን ፎቶግራፍ ጀርባው ላይ ቀኑንና የሰዎቹን ስም ጽፋችሁ ለቤተ መዛግብት ስጡ። ባለታሪኮቹ በዕድሜ ገፍተዋልና ለነገ አትበሉት።