ከመቅደላ አምባ እስከ ብላቴ ዳር

ከሆሳዕና ተነሥቶ በዱራሜ በኩል የከምባታን ደጋ ወደ ሃላባ ቁሊቶ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከጉራጌ ተራሮች ፈልቆ ወደ አባያ ሐይቅ የሚጓዘውን የብላቴን ወንዝ ባየ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለጀግንነት ከሚሰጠው ኒሻን ሁሉ የሚልቀው የቪክቶሪያ መስቀል አንድ ጊዜ በዚህ ዳር በደም እንደ ተገዛ ማወቅ ይገባዋል።

መስቀሉ ወደ ሀገራችን ታሪክ የገባው ግን ከዚያ 73 ዓመት ቀድሞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በትንሣኤ ማግስት በመቅደላ ነው። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የጀኔራል ናፒየር መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተው ኖሮ ጦሩ ከደጁ ተገትቶ ሲጨነቅ፣ ከ33ኛው ሬጅመንት ጥቂት ሰዎች ከዋናው መንገድ ተለይተው በገደሉ ሽቅብ ወጡ፤ ካቡን ተሻግረው የእሾሁን አጥር ጥሰው ከሁሉ አስቀድመው የገቡትም ከበሮ መቺው ማይክል ማግነርና ተራው ወታደር ጄምስ በርጊን፣ ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች ነበሩ፤ መስቀሉም ለእነርሱ ተሰጠ። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያው ዕለት ራሳቸውን የሠዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ነበርና፣ ሽጉጡም መስቀሉም የአንዲት ንግሥት ስጦታ ሆኑ። የሁለቱ ወታደሮች ሀገር ራሷ ለእንግሊዝ ዘውድ ተገዥ ነበረች፤ ብዙዎቹን የአየርላንድ ወጣቶችም ወደ ንግሥቲቱ ሠራዊት የነዳቸው ድኽነት ነበር። በርጊን በሕንድ፣ ማግነር በአውስትራልያ ሞቱ። ድፍረታቸውን አልነፍጋቸውም፤ ልቤ ግን ከአጥሩ በስተ ውስጥ ከነበሩት ጋር ነው።

የቁሊቶው ታሪክ ሌላ ነው። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቢገቡም፣ በደቡብ የነበረው የኢጣልያ ሠራዊት እጁን አልሰጠም ነበር። ግንቦት 11 ቀን፣ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ከተባለው የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሁለት የሻምበል ጦሮች ብላቴን በድንገት ተሻግረው ሳለ የጠላት ታንኮች ወጡባቸው። በዚህ ጊዜ በኬንያ ከእንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የተወለደው የ28 ዓመቱ ሃምሳ አለቃ ናይጀል ግሬይ ሊኪ ከአንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን በእጁ ገንጥሎ ከፍቶ፣ ከነጂው በቀር በውስጡ ያሉትን በሽጉጥ ገደለ፤ ነጂውንም አስገድዶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። መድፉን ሊተኩስበት ሞክሮ እንቢ ቢለው፣ በእግሬ እይዛቸዋለሁ ብሎ ወርዶ፣ ጥይት እንደ በረዶ በሚዘንብበት ሜዳ ሌሎቹን ታንኮች አድብቶ ጠበቀ። ሁለቱ አለፉት። በሦስተኛው ላይ ዘሎ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን እንደ ገደለ፣ አራተኛው በመትረየስ ከታንኩ ላይ ጣለው። ከሦስት ቀን በኋላም የእንግሊዝ ጦር ሶዶን ያዘ።

መስቀሉ ለሟቹ የታወጀለት ከአራት ዓመት በላይ ቆይቶ ኅዳር 6 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሜዳ ከጎኑ ሆነው ታንክ ያደቡ አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ባሻና ሁለት አስካሪ የሚባሉ አፍሪካውያን ወታደሮች ነበሩ፤ ዐዋጁ ግብራቸውን ሲመሰክር ስማቸውን ዘለለው፤ ይህንም እኔ እንደ ታናሽ ስሕተት አልቈጥረውም። ሰፋሪው አባቱ ግሬይ ሊኪ ደግሞ፣ ኬንያውያን መሬታቸውንና ነፃነታቸውን ለማስመለስ በተነሡበት በማው ማው ዘመን፣ በ1947 ዓ.ም. በዐማፅያኑ እጅ ተገደሉ።